ለአፈር ፓርቲ አንድ ወንበር

ሶልጎል መንደር፣ ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2006

ባሕር ማዶ ላለሽው ለባሌ እህት ለኦክቡን፣

ብርዱ እንዴት አደረገሽ? ሳልሽስ ተወሽ? ሰማይ ይጠብቅሽ፤ ኮረብታው ላይ የተኙት አባት እናትሽም ዓይናቸውን ካንቺ ላይ አያንሱ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። እሱም ቢሆን ጥቅም አለው፤ ዝናብ ሊመጣ ሲል ከሬዲዮው ቀድሞ ይነግረኛል።

ወንድምሽ ከሞተ ወዲህ እንዲህ ያለ ወሬ ከቤታችን ወጥቶ አያውቅምና ከሰው አፍ ሳትሰሚው ልጻፍልሽ። ማንሶክ ለወረዳው ምክር ቤት ሊወዳደር ነው። አዎ፣ አርባ ሦስት ዓመት ሙሉ ሚስት መምረጥ ያቃተው ልጄ ዛሬ ሰውን ‹‹ምረጡኝ›› ሊል ነው። በትልቁ ፓርቲ በኩል ቢሆን እሺ ባልኩ፤ በእኛ አገር ትልቁ ፓርቲ ዱላ ቢያቆም ዱላው ይመረጣል። እሱ ግን የአፈር ፓርቲ በሚባል ውስጥ ነው። ነጭ ሽንኩርት አምራቾች ተሰብስበው ያቋቋሙት ነው። ሰዉ ‹‹የጭቃ ፓርቲ›› ይለዋል።

ፓርቲው በሕግ ፊት እንዲቆም በየክፍለ ሀገሩ አንድ ሺህ አባል ይፈልጋል። የእኛ ስድስት መቶ ላይ ሲደርስ ቆመ። ካልሞላ ይሰረዛል። ማንሶክ ከገበያ ገበያ እየዞረ ያስፈርማል። ጎረቤቴን ጆምሬን አትረሻትም፤ አፏ ዛሬም እንደዚያው ነው። ‹‹እትዬ ጆምሬ፣ አባል ይሁኑ›› ቢላት፣ ‹‹ሰው በዚህ ዕድሜዬ ለትዳር ጠየቀኝ ብዬ ልቤ ደንግጦ ነበር፤ ለዚህ ነው?›› አለችው። በየወሩ መዋጮ እንዳለው ስትሰማ ደግሞ፣ ‹‹ምነው፣ ሬሳዬን ይሸከማል?›› ብላ ፈረመች።

ለመወዳደር መያዣ ይከፈላል። በቂ ድምፅ ካገኘ ይመለስለታል፤ ካላገኘ ይቀራል። ማንሶክ ‹‹አክስቴን እንዳትጠይቂ›› ብሎኛል። እኔም አልጠየቅኩሽም፤ ወሬውን ነው የነገርኩሽ።

የወንድምሽ ሚስት፣ ከጋንግጂን የተዳርኩት የጋንግጂኗ


ቦኹም፣ ጀርመን፣ ማርች 9 ቀን 2006

ለማከብርዎት ለእትዬ፣

ከሁሉ በፊት ለጉልበትዎ ምሕረት ይውረድለት። እኔ በእግዚአብሔር ቸርነት ሳሌ ለቆኛል።

‹‹አልጠየቅኩሽም›› የሚለው ቃልዎ ላይ ስደርስ ብቻዬን ሳቅኩ፤ ከታች ያለችው ጎረቤቴ ምን ነካት ሳትል አልቀረችም። ባሌ ከሞተ፣ እኔም ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እቤቴ ውስጥ ብዙ አይሳቅም። ያን ያህል ዓመት በአረጋውያን ቤት አእምሯቸው የተወሰደባቸውን ሰዎች ሳስታምም እነሱ ያስቁኝ ነበር፤ ዛሬ እነሱም የሉም።

በትንሽ ፓርቲ አትሳቁ። እዚህ አገር አንድ ትንሽ ፓርቲ ነበር፤ ሲጀምር ሹራብ እየሠሩ ስብሰባ የሚቀመጡ ፂማም ሰዎች ነበሩት። እኛ ነርሶቹ ምሳ ሰዓት ላይ እነሱን እያነሳን ሆዳችንን እንይዝ ነበር። እስከ ትናንት ድረስ ሚኒስትር ሆነው አገር ሲመሩ ነበር። ማንሶክ ልጅ ሳለ በአንድ እግሩ ጫማ ሩጫ የጨረሰ ልጅ ነው፤ አንድ ሺሁንም ይሞላል።

መያዣውን የሚሸፍን ገንዘብ በባንክ ልኬልዎታለሁ። ‹‹ከአክስትህ ከሶልጎሏ›› ይበሉት።

ኦክቡን


ሶልጎል፣ ኤፕሪል 6 ቀን 2006

ለኦክቡን፣

ሰላምታዬ እንደ ፀደዩ ሙቀት ይድረስሽ። የምነግርሽ ግን የሚሞቅ አይደለም፤ ዙሪያውን ከምዞር ልናገረው።

ማንሶክን ጠርቼ ‹‹ያውልህ፣ የአክስትህ እጅ›› ብዬ ስነግረው ፊቱ አመድ መሰለ።

‹‹እማ፣ አክስቴ የጀርመን ዜጋ ናት። የውጭ ዜጋ ለፖለቲካ አንድ ሳንቲም መስጠት አይችልም። እኔንም እሷንም ያስከስሰናል።››

‹‹የማን የውጭ ዜጋ ነው? የአባትህ እህት እኮ ናት!››

‹‹ለሕጉ የውጭ ዜጋ ናት።››

‹‹ደብተር ስትልክልህ፣ የአባትህን መቃብር ስታሠራ የት ነበረ ሕጉ?››

ወጥቶ ላሚቱን ይቦርሽ ጀመር። ወንድምሽም ሲያፍር እንደዚያ ነበር፤ ላሚቱ ስታብረቀርቅ ‹ዛሬ ጥፋት አለ› እል ነበር።

ጥጃዋን ሸጦ መያዣውን ከፈለ። ያንቺን ገንዘብ እኔ ይዤዋለሁ። ልመልሰው? ወይስ ምን ላድርገው? አባሎቹ ስምንት መቶ አልፈዋል። ከፋሽ አይደል? እኔንም ከፍቶኛል።

የጋንግጂኗ


ቦኹም፣ ሜይ 3 ቀን 2006

ለእትዬ፣

ጤናዎን እግዚአብሔር ይጠብቅ። የዘገየሁት ስለታመምኩ አይደለም። ከፍቶኝ ነው።

የዚህን አገር ፓስፖርት ካልወሰድኩ ቋሚ ሥራ ስለማይሰጡኝ ወሰድኩ። የማላውቀውን ሰው ገላ እያጠብኩ ያገኘሁት ገንዘብ የወንድሜ ልጅ ጫማ ሲሆን፣ የሶልጎል ድልድይ መዋጮ ሲሆን፣ ማንም ከየት መጣ ብሎ አልጠየቀኝም። ልጁን አልወቅስም፤ ሕግ ሕግ ነው። ሆዴ ግን አልሰማ አለኝ።

እንዲመለስልኝ አልፈልግም። ጉልበትዎን ይታከሙበት። ያ ካልሆነ ሥጋ ይግዙና ለመንደሩ ሰው ያብሉት። ሶልጎል ሰው ሆድ ውስጥ ከገባ በኋላ ማንም የውጭ ዜጋ ነው ብሎ አያወጣውም።

ኦክቡን


ሶልጎል፣ ጁን 4 ቀን 2006

ለኦክቡን! ለኦክቡን!

አሸነፈ! ከእኛ ወረዳ ሦስት ሰው ይገባል፤ ማንሶክ ሦስተኛ ወጣ። የትልቁ ፓርቲ ቼ ዶንግፓል፣ ያ ማዳበሪያ ሻጩ፣ አራተኛ ሆኖ ውጭ ቀረ። ለአፈር ፓርቲ በክፍለ ሀገሩ ሙሉ ይህ የመጀመሪያው ወንበር ነው። ከከተማ ድረስ መጥተው ማንሶክን ወደ ላይ ወረወሩት፤ ወገቡን እንዳይሰብሩት ብዬ ጮህኩ። ወሬው ከተሰማ ወዲያ አባሉ አንድ ሺሁን ዘለለ።

ያንቺንም ቃል ፈጽሜአለሁ። ነጭ ሽንኩርት ነቀላው ከምርጫው በፊት ባለው ሳምንት ዋለ፤ ታውቂያለሽ፣ በወንፈል ነው የምንነቅለው፣ የመጣውን ሰው ባለማሳው ያበላል። በገንዘብሽ አንድ አሳማ አሳረድኩ፣ ኦክቶፐስም ከወደቡ አስመጣሁ። ጉልበታቸው ነቀላ የማይችለውንም፣ ተሰብስበው ከሚውሉበት ከሽማግሌዎቹ ቤት ሁሉንም ጠራኋቸው። እኛ ስንበላ እነሱ ሽታውን ብቻ ቢያሸቱ ነውር አይደል? ‹‹ብሉ፣ የማንሶክ አክስት ከጀርመን የላከችው ነው፤ የምርጫ ምልክቱን ሰባት ቁጥርን አትርሱ!›› አልኳቸው። ጆምሬ አፏ እንደሞላ፣ ‹‹ሥጋው እንደዚህ ከሆነ ሰባት ጊዜ እመርጠዋለሁ›› አለች። ማንሶክ የዚያን ቀን ገበያ ቅስቀሳ ላይ ስለነበር አላየም።

ትናንት ካሜራ የያዘ ሰው መጥቶ ጆምሬን ምን እንደበላች ጠየቃት። ጋዜጠኛ ነው መሰለኝ። እሷም ከመረቁ ጀምራ አወራችለት።

የተመራጩ እናት፣ የጋንግጂኗ


ቦኹም፣ ጁን 23 ቀን 2006

ለእትዬ፣ ለተመራጩ እናት፣

እልልታዬን በወረቀት መላክ ባልችልም ይስሙኝ። ደብዳቤዎን ለጎረቤቴ በጀርመንኛ ተረጎምኩላት። ገንዘቤ በሶልጎል ማሳ ላይ ስለተበላ ከምንም ነገር በላይ ደስ ብሎኛል፤ ቂሜም ጠፍቷል። ጋዜጣው ከወጣ ቆርጠው ይላኩልኝ።

ኦክቡን


ሶልጎል፣ ጁላይ 10 ቀን 2006

ለኦክቡን፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን፤ እኛ ሰላም የለንም።

የመጣው ጋዜጠኛ አልነበረም። የምርጫ ኮሚሽን ሰው ነው። ከተወዳዳሪ ቤተሰብ የበላ ሰው የበላውን ዋጋ ሃምሳ እጥፍ ይቀጣል። ሃምሳ እጥፍ! ያቺ ጆምሬ ሦስት ጊዜ ነው የጨመረችው። ማዶ ያለው ሽማግሌ ጥርስ ስለሌለው መረቁን ብቻ ነው የጠጣው፤ እሱም ተጽፏል። ‹‹የወንፈል ምሳ ነው፣ ከአያት ከቅድመ አያት የመጣ ነው›› አልን። ‹‹ሽማግሌዎች ቤት ተቀምጠው የነበሩትስ የነቀሉት የትኛውን ሽንኩርት ነው? ሰባት ቁጥርንስ ማን ጠራ?›› አሉን። እኔ ነኛ የጠራሁት። ምላሴን ውሻ ይብላው።

የከፋው ይህ አይደለም። ያበላችው እናት ቅጣቷ ከአንድ ልክ ካለፈ የልጇ ወንበር ይወድቃል። አንድዬ ወንበራቸው! ቼ ዶንግፓል ገና ካሁኑ ሱፍ አስለክቷል ይባላል። አንዳንዱ አባል ፎርሙን እየመለሰ ነው። ማንሶክ እንዲጮህብኝ ጠበቅኩ፤ አልጮኸም። መሬት ላይ ተቀምጦ፣ ‹‹እማ፣ ‘እኛ ሰው አብልተን ድምፅ አንገዛም’ ብለን እኮ ነው የተመረጥነው›› ብቻ አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል አይወርድልኝም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ።

የፓርቲው ጠበቃ መጣ። አንድ በር ብቻ ቀርቷል አለ። እናትየው የምታደርገውን የማታውቅ ከሆነች፣ አእምሮዋ ከሸሸ፣ ክሱ ውድቅ ይሆናል፤ የበሉትም ከአንዲት የጃጀች ጎረቤት እንደበሉ ተቆጥሮ ይለቀቃሉ። ይህን ሲናገር ፊቴን አላየም፤ ጫማዬን ነው ያየው። ማንሶክ ‹‹አይሆንም፣ ወንበሩ ገደል ይግባ›› ብሎ ተነሳ። እኔ ግን ‹‹ቁጭ በል›› አልኩት።

በሚቀጥለው ወር መጨረሻ ከተማ ሐኪም ፊት እቀርባለሁ። ኦክቡን፣ አንቺ ዕድሜሽን ሙሉ እነዚህን ሰዎች ነው ያስታመምሽው። እንዴት ይናገራሉ? እንዴት ያያሉ? ሐኪሙስ ምን ይጠይቀኛል? ገንዘብ እንዳትልኪ። ይህን ብቻ ላኪልኝ። እግርሽ ላይ ወድቄ ነው የምለምንሽ።

የጋንግጂኗ


ቦኹም፣ ኦገስት 1 ቀን 2006

ለእትዬ፣

መድኃኔዓለም አይለይዎት።

መጀመሪያ ‹‹አላስተምርም›› ብዬ ጻፍኩና ቀደድኩት። ‹‹አብሉበት›› ያልኩት እኔ ነኝ፤ አሁን እጄን ታጥቤ ልቀመጥ አልችልም።

ስለዚህ ይስሙኝ። ሐኪሙ ዓመቱን፣ ወሩን፣ ያሉበትን ከተማ ይጠይቅዎታል። ሦስት ነገር ይነግርዎትና ሌላ ወሬ አውርቶ መልሰው እንዲነግሩት ይጠይቅዎታል። ‹‹አላውቅም›› አይበሉ። የታመመ ሰው አላውቅም አይልም፤ ያፍራል፣ ስለዚህ ይስቃል፣ ጥያቄውን ወደ ጠያቂው ይመልሳል፣ ‹‹ይሄማ ለማን ይጠፋዋል›› ይላል። አጠገባቸው ያለውን ዘመድ ዞረው ያያሉ፤ መልሱን ከሱ ፊት ለማንበብ። የልጅነት ዘፈን ግን አይረሱም፤ ዝፈኑ ካለዎት ይዝፈኑ። አብዝተው አይበላሹ። እብድ አይሁኑ፤ የጠፋባት ሴት ይሁኑ።

አንድ ነገር ግን ልንገርዎት፤ ይህን ሳልናገር ደብዳቤውን መዝጋት አልችልም። አንድ ሰው ጃጅቷል ከተባለ በኋላ የሚናገረው ሁሉ የበሽታው ነው የሚባለው። ‹‹ደህና ነኝ›› ሲል ደግሞ በሽታው ጠንቷል ይባላል። እኔም ራሴ ብዙ ሰው ‹‹እሺ፣ እሺ›› እያልኩ አልፌአለሁ። ሲገቡበት ሰፊ በር ነው፤ ሲወጡበት ግን የመርፌ ቀዳዳ ነው።

ያስቡበት፣ እትዬ።

ኦክቡን


ሶልጎል፣ ኖቬምበር 12 ቀን 2006

ለኦክቡን፣

ምርቃቴ ይድረስሽ፣ እጅሽ ይባረክ! አለፍኩ! ወይም ወደቅኩ፤ እንዴት እንደሚባል አላውቅም።

ሐኪሙ ልጅ እግር ነው፣ ፊቱ እንደ ዳቦ የተነፋ። ‹‹እማማ፣ ይህ ዓመት ስንት ነው?›› አለኝ። ‹‹እንዴ! ያን ሁሉ ዓመት ተምረህ ዓመቱ ጠፋብህ?›› ብዬ ሳቅኩ። ከዚያ ዞሬ ማንሶክን አየሁት። ዛፍ፣ መኪና፣ ባርኔጣ አለኝና ቆይቶ መልሺ ቢለኝ፣ ‹‹ባርኔጣህን መኪና ውስጥ ረስተህ እኔን ትጠይቀኛለህ?›› አልኩት። እዚህ ላይ ትንሽ አበዛሁት መሰለኝ። ዘፈንም ዘፈንኩለት። ማንሶክ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፤ ሐኪሙ ትከሻውን ቸብ ቸብ አደረገው።

አቃቤ ሕጉ ክሱን ተወው። ወንበሩ ተረፈ፤ የመንደሩም ሰው ቅጣቱ ተነሳለት። ሽማግሌዎቹ ሲያገኙኝ ይጠቅሱኛል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው ነገሩ። ጆምሬማ፣ ‹‹ድሮስ መቼ ጤነኛ ነበርሽ›› ትለኛለች።

ቼ ዶንግፓል ግን ‹‹አሮጊቷ ከጃጀች እኔም ጃጅቻለሁ›› እያለ ነው። እህቱ ከሽማግሌዎቹ ቤት ፊት ለፊት ሱቅ አላት፤ ዓይኗን አትነቅልም። አታለዋል ተብሎ አዲስ ክስ ቢመሠረት ማንሶክ ራሱ ይታሰራል። ስለዚህ የምክር ቤት ዘመኑ እስኪያልቅ እንዲሁ መክረም አለብኝ። አራት ዓመት ምን አላት? ሩዝ አራት ጊዜ ተክሎ አራት ጊዜ ማጨድ ነው።

የጠፋባት ሴት፣ የጋንግጂኗ


ሶልጎል፣ ሴፕቴምበር 20 ቀን 2008

ለኦክቡን፣

ደብዳቤዎችሽ ሁሉ ደርሰውኛል። የጃጀች ሴት ደብዳቤ ስለማትጽፍ ነው ያልመለስኩት። ይህንንም ጆምሬ ገበያ ስትሄድ ከዚያ ፖስታ ቤት ትልክልኛለች። ሰማይ ይጠብቅሽ፤ አንቺ ፊት ብቻ ነው እኔ የምሆነው።

መጀመሪያ ይጠቅሱኝ ነበር ብዬሽ አልነበር? ጥቅሻው ቀረ። ማን መጀመሪያ እንደተወው አላውቅም። አንድ ቀን ሽማግሌዎች ቤት ካርታ ሲያድሉ እኔን ዘለሉኝ። ማንም ክፋት አላሰበም፤ ዘለሉኝ በቃ። አጠገባቸው ተቀምጬ ማን ምን እንደያዘ አያለሁ፣ የሚሳሳተውን አውቃለሁ፣ እጄን አጣጥፌ እስቃለሁ። የልጆቻቸው ሚስቶች እንደ ደንቆሮ እየጮኹ ያናግሩኛል። ‹‹እማማ! በ-ላ-ሽ?›› ይሉኛል።

ማንሶክ የጋዙን ምድጃ ነቀለው። ‹‹ሰው ይጠይቀኛል እማ፣ እንዴት ለብቻዋ እሳት ትተዋለህ ይሉኛል›› አለኝ። ልክ ነው፤ ይሉታል። ከዚያ ማጭዱን ወሰደው። ከዚያ በፊርማ ፈንታ የምመታውን ማኅተሜን።

አሁን የምነግርሽን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ባለፈው ሳምንት ለዘር የሚሆነውን ሽንኩርት ሲመርጥ አየሁት፤ ሻጋታ የገባበትን ከደህናው ጋር ያደባልቃል። ቤት ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነን፤ በሩም ተዘግቷል። ‹‹ልጄ፣ ያ ዘር አይሆንም፣ እዚህ ጋ ለስልሷል›› አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና፣ ‹‹እሺ እማ፣ እሺ›› አለኝ። ከዚያ መምረጡን ቀጠለ። ዓይኑን አየሁት፣ ኦክቡን። አያስመስልም ነበር።

‹‹ማንሶክ፣ እኔ እኮ ደህና ነኝ›› አልኩት። ጉንጬን ዳሰሰኝ።

ከፓርቲው መልካም ወሬ አለ። አባላቱ ሦስት ሺህ ገብተዋል፣ መንግሥትም ድጎማ ሊሰጣቸው ነው ይባላል። ማንሶክን በየከተማው ይጠሩታል። የታመመች እናቱን እያስታመመ ሕዝብ የሚያገለግል ልጅ ነው ብለው በመጽሔት ጻፉለት፤ ፎቶዬም አለበት። ድጋሚ ሊወዳደር ነው።

እብድና ዘመናይ የልቡን ይናገራል ይባላል። እኔ እብድ ተብዬም ለመናገር አልታደልኩም። ፍጠኚና ጻፊልኝ። በማንሶክ ስም አታድርጊው።

የጋንግጂኗ


ቦኹም፣ ሜይ 14 ቀን 2010

ለውድ እትዬ፣

የምጽፍልዎት በጆምሬ ልጅ አድራሻ ነው፤ እግዚአብሔር ያድርስልኝ። ከዚያ ደብዳቤ ወዲህ አምስት ጊዜ ጽፌአለሁ፣ አንዱም አልተመለሰልኝም። ልብና ሳንባዬ በአውሮፕላን እንድሳፈር ስለማይፈቅዱ እንጂ እግሬ በሩ ላይ ነው።

ትናንት ማንሶክ ስልክ አነሳልኝ። ‹‹አክስቴ፣ ደብዳቤ አትላኪላት፣ ያውካታል›› አለኝ። ‹‹ማንሶክ! እናትህ ምንም አልሆነችም፤ ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ ረሳኸው?›› ብዬ ጮህኩበት። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ‹‹መጀመሪያ እንደዚያ ነበር አክስቴ። አሁን ግን በየቀኑ የማያት እኔ ነኝ›› አለኝ። ክፉ ልጅ አይደለም። ክፉ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

ከስልኩ በኋላ ሳስበው አደርኩ። ወንበር የሌለውን ሰው እናት ማንም አይመረምርም፤ ማንሶክ ከወደቀ ማግስት ካርታውን ያድሉዎታል፣ ምድጃዎን ይተክሉልዎታል። ካሸነፈ ግን ሌላ አራት ዓመት ነው። ስለዚህ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝና፣ የወንድሜ ልጅ እንዲሸነፍ ሻማ እያበራሁ ነው። በአንድ ወቅት መያዣውን የላክሁት እኔ!

እትዬ፣ በምርጫው ቀን ማንሶክ ክንድዎን ይዞ ይወስድዎታል፤ ለፎቶው ይፈልጉዎታልና። ከመጋረጃው ጀርባ ግን አብሮዎት የሚገባ ማንም የለም። እዚያ ውስጥ ጤነኛ ይሁኑ። ምን ማድረግ እንዳለብዎት ያውቃሉ። አንድ ድምፅም ዋጋ አላት፤ ባለፈው ማንሶክን ከቼ ዶንግፓል የለየው እፍኝ ሰው ነው።

እለምንዎታለሁ። እርስዎን መልሰው ይስጡኝ።

ኦክቡን


ሶልጎል፣ ጁን 5 ቀን 2010

ለኦክቡን፣

ሰማይ ላንቺ ይራራ፣ ሳንባሽንም ይክፈትልሽ። ደብዳቤሽን ጆምሬ ጎመን ውስጥ ሸሽጋ አመጣችልኝ። ሽንት ቤት ሆኜ ነው ያነበብኩት።

ሄድኩ። እንዳልሽው ማንሶክ ክንዴን ይዞ ወሰደኝ፤ ካሜራዎችም ነበሩ። በሩ ላይ ‹‹እማ፣ የምርጫውን ማኅተም ወረቀቱ ላይ እንዲህ ነው የሚመቱት›› ብሎ በአየር ላይ አሳየኝ። እሱ ሳይወለድ ጀምሮ የመረጥኩትን ሴትዮ። አንዷ አስተባባሪ ‹‹ልግባና ልርዳቸው?›› ስትል መጋረጃውን ፊቷ ላይ ዘጋሁባት። ሰው ሳቀ።

ውስጡ ጠባብ ነው፣ የአዲስ ጣውላ ሽታ አለው። ማንም የለም። ፊቴን ለቀቅኩት፤ ለካ ፊትም ይደክማል። ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ቼ ዶንግፓል አለ። ማንሶክ አለ። ማኅተሙን ይዤ ቆምኩና አለቀስኩ፤ ድምፄን ውጬ፣ እንደ ሰው አለቀስኩ። ሐኪም ፊት ከቀረብኩ ወዲህ ያለቀስኩት ለቅሶ ሁሉ የበሽታው ነው ተብሏል፤ ይሄ የራሴ ነበር።

ያልሽውን ላደርገው ነበር፣ ኦክቡን። እውነቴን ነው። እጄ ወደ ቼ ዶንግፓል ሄዶ ነበር። ወዲያው ግን ማንሶክ የሠራው ትዝ አለኝ። ለመንደሩ አውቶቡስ ያስመጣው እሱ ነው፤ የሽማግሌዎቹ ቤት ክረምቱን እንዲሞቅ ያደረገው እሱ ነው፤ ነጋዴው የሽንኩርቱን ዋጋ ሲያራክስ ማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ አሥር ቀን የተኛው እሱ ነው። ወንድምሽ በሕይወት ቢኖር ላሚቱን በትዕቢት ይቦርሻት ነበር። ልጄን ወድጄው ብቻ አይደለም። ጥሩ ተመራጭ ነው። እኔን አያየኝም እንጂ ሌላውን ሁሉ ያያል።

ለእሱ መታሁለት።

ስወጣ አንዱ ባለካሜራ፣ ‹‹እማማ፣ ማንን መረጡ?›› አለኝ። ‹‹ይሄማ ለማን ይጠፋዋል!›› አልኩት። ሁሉም ሳቁ፣ ማንሶክም ጭምር። እኔም ሳቅኩ።

አንደኛ ወጥቶ አሸነፈ። ፓርቲያቸው በክፍለ ሀገሩ አሥራ አንድ ወንበር አገኘ። ዘመኑ ሲያልቅ ሰባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ከዚያ ደግሞ ለክፍለ ሀገሩ ምክር ቤት ያጩታል ይባላል።

መልስ አትጻፊልኝ። ጆምሬም ደክማለች፣ ልጇም ይፈራል። እኔም ያንቺ ደብዳቤ በመጣ ቁጥር ተስፋ አደርጋለሁ፣ ተስፋው ደግሞ ያስለፈልፈኛል። አትዘኚ። እንደሚሉኝ ሆኜ ቢሆን ይህን መምረጥ አልችልም ነበር። መጋረጃው ውስጥ የቆመችው እኔ ነኝ፣ የመታሁትም በሙሉ አእምሮዬ ነው፤ አንድ ሰው እንኳ ይህን ይወቅልኝ።

የወንድምሽ ሚስት፣ የማንሶክ እናት